ከስልቻ እስከ ሻንጣ፦ የስንቃችን ጉዞ እስከ ጉበይራ

ጉበይራ በደቡብ ሪያድ፣ ከመንፉሃ ጎረቤት ያለ ሰፈር ነው። እዚያ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ሽታው ከዕቃው ቀድሞ ይወጣል። በላስቲክ ሁለቴ ተቋጥሮ በጨርቅ የተጠቀለለ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ የታሸ ሽሮ፣ በጠርሙስ የረጋ ንጥር ቅቤ፣ በከረጢት የታጨቀ ድርቆሽ፣ ከጎኑ ደግሞ እናት ሳይጠየቁ ጣል ያደረጓት ዳቦ ቆሎ። አንዱም ላይ የምርት ቀን አልተጻፈም፤ ማብቂያ ቀን የለውም፤ የይዘት ዝርዝርም አልተለጠፈበትም። ግን ሽሮው ወራት ይቆያል፣ በደንብ የደረቀው በርበሬ ዓመት ያልፋል፣ ቅቤው የሪያድን በጋ ይችላል።

ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱን ሁላችንም በቁራጭ እናውቀዋለን። የእናታችንን ሽሮ አሰራር አይተናል፤ የእቴጌ ጣይቱን ግብር ሰምተናል፤ የዓድዋ ዘማች በሶ ይዞ መዝመቱን ተምረናል፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱትን ወገኖቻችንን በአውሮፕላን ማረፊያ አይተናል። ቁርጥራጩን በጊዜ ቅደም ተከተል ስንገጥመው አንድ ነገር ይታያል፤ ያለ ማቆያ መድኃኒት የሚሠራው ተራ የቤት ምግባችን ከድህነት የመጣ ቀላል ነገር አይደለም። በእጅ፣ በጊዜና በትዕግሥት ምግብን የማቆየት ትልቅ ዕውቀት ነው። ስሙም ባልትና ይባላል።

ከጥንት እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን፦ ቡኮ፣ ፀሐይና ጢስ

የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ጤፍን ከዱር ሣርነት አውጥቶ ያላመደው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ጤፍ ለጋጋሪዋ ከባድ እህል ነው። ስንዴን ለጥጦ የሚያነፋው ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ እንደ ዳቦ ሊጥ ተለውሶ አይነሣም። ባለሙያዋ ሴት ለዚህ ችግር ያገኘችለት መፍትሔ ጊዜ ነው። ዱቄቱን በውሃ ታቦካለች፤ ካለፈው ቡኮ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ትተወዋለች። በዓይን የማይታዩት እርሾዎችና አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በእነዚያ ቀናት ይሠሩላታል። የሚፈጥሩት ኮምጣጣነት ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያደርጋል፤ በእህሉ ውስጥ ብረትን ጠፍሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። በመጨረሻ ከቡኮው ጥቂት ቀንሳ በፈላ ውሃ ታበስላለች፤ መልሳም ትቀላቅለዋለች። ይህ አብሲት ነው። የበሰለው አብሲት ሊጡን ያያይዘዋል፤ አየሩን ይዞ ያቆይና እንጀራውን ዓይናማ ያደርገዋል። ዛሬ ፋብሪካ ማያያዣ ዱቄት ጨምሮ የሚሠራውን እሷ በአንድ እርሾና በአንድ አብሲት ሠራችው።

በደቡቡ የአገራችን ክፍል ያለው ዕውቀት ከዚህ አያንስም። እንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ወራት ቆይቶም ቆጮ ይሆናል። መሬቱ ራሱ ጎተራ ነው። በአርብቶ አደሩና በደገኛው ቤት የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ ሽታ ብቻ አይደለም፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። ቅቤ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በጦስኝ ይነጠራል። ሲነጠር ውሃው ይተናል፤ አተላው ይቀራል፤ የሚያበላሸው ነገር ይወገዳል። ሥጋው በስሱ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል። እንጀራው ሲተርፍ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ድርቆሽ ይሆናል።

ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎችም ምግብን የማቆየቱን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መልሰውታል። ሪያድ ባለችበት በነጅድ በረሃ ተጓዡ ቴምር፣ ከደረቀ ጎምዛዛ ወተት የተሠራ እቅጥና የተነጠረ ሰምን ይዞ ይወጣ ነበር። በየመን ለሆህ የሚሉት፣ እንደ እንጀራ ቦክቶ በምጣድ ላይ ዓይን የሚያወጣ ቂጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ ሲመጡ፣ ባሕሩን የተሻገሩት ወደ እኛ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ጉዞው አቅጣጫውን ቀይሮ የእኛ ልጆች ወደ እነሱ አገር ስንቅ ቋጥረው ይሻገራሉ።

ከ1500ዎቹ እስከ 1770ዎቹ፦ በርበሬ ባሕር ተሻግሮ ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቹጋል መልክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆየ። ስለ እህሎቻችን ሲጽፍ ጤፍንና ዳጉሳን ጠቅሷል። ዛሬ ያለ እሱ ወጥ የማይመስለን ቀይ በርበሬ ግን በዚያን ጊዜ ገና አልተስፋፋም ነበር። ቃሪያና በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ናቸው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ በኋላ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ንግድ ወደ እኛ አካባቢ ደረሱ። ከዚያ በፊት ወጡን የሚያቃጥለው ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበር።

እንግዳው ተክል በአገር ባልትና እጅ ሲገባ ራሱ ተለወጠ። ፍሬው ፀሐይ ላይ ደረቀ፤ ተቀነጠሰ፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጤና አዳም ጋር ተደለዘ፤ ድልዙ ታሽቶ ተቀመጠ፤ እንደገና ሰሌን ላይ ተሰጣ፤ ከኮረሪማ፣ ከነጭና ከጥቁር አዝሙድ፣ ከበሶብላ ጋር ታምሶ ተፈጨ። በዚህ ሁሉ ሂደት የሚወጣው ዋናው ነገር እርጥበት ነው። እርጥበት ያልወጣለት በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ “በርበሬው ይድረቅ” የሚለው የእናቶች ቁጣ ከጣዕም በላይ የጤና ጉዳይ ነው። የቤት ምግብ ደህና የሚሆነው በቤት ስለተሠራ ብቻ አይደለም፤ በሥርዓቱ ስለተሠራ ነው።

ሽሮም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ሂደት ነው። አተር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ተለቅሞ ይቆላል፤ ይከካል፤ ቅመም ገብቶበት ይደርቃል፤ ይፈጫል። መቁላቱ ግማሹን የማብሰል ሥራ አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ስለዚህ በማንኛውም ቀን በሃያ ደቂቃ ወጥ ይሆናል። ፈጣን ምግብ የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት እኛ ፈጣን ምግብ ነበረን፤ ልዩነቱ ፍጥነቱን ያመጣው የሴቶች የሳምንት ሥራ መሆኑ ነው። ለኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል የሚደርሰው ጾም ሽሮን የማዕድ ምሰሶ አደረገው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ዓይነት ሽሮ በላ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ጎንደርን አየ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ የጤፍንና የእንሰትን ሥዕል ለአውሮፓ አንባቢ አሳየ። ዘሩንና ሥዕሉን መውሰድ ቀላል ነበር፤ ቡኮው መቼ እንደደረሰ በሽታ የሚለየው አፍንጫ ግን እዚሁ ቀረ።

ከ1880 እስከ 1888 ዓ.ም.፦ ግብር፣ ክፉ ቀንና ዓድዋ

በስምንት ዓመት ውስጥ የአገራችን ማዕድ ጥጋቡንም ረሃቡንም ጦርነቱንም አየ።

በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ታላቅ ግብር አበሉ። የጠጁ ብዛት፣ የእንጀራው ክምር፣ የወጡ ዓይነት ለብዙ ጊዜ ተወራ። ከየአቅጣጫው የመጣ መኳንንትና ሠራዊት ከዚህ ግብር በላ። ዛሬ “የኢትዮጵያ ምግብ” የምንለው ስብስብ ቅርጽ ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ነው። ከማዕዱ በስተጀርባ የነበሩት በመቶ የሚቆጠሩ እንስቶች፣ ጋጋሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ጠጅ ጣዮች፣ ስማቸው አልተጻፈም።

ያ ጥጋብ ሳይውል ሳያድር ክፉ ቀን ገባ። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ፤ ከብቱ አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ድርቅና አንበጣ ተከተሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ጊዜ ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ቅቤና ሥጋ በጠፋበት ዘመን ሰው የያዘው ተክሉን ነበር። በሬ የማይፈልገው፣ በዶማ የሚተከለው እንሰትና በማንም ጓሮ የሚበቅለው ጎመን ዋጋቸው ታወቀ። ክፉ ቀን ለአገራችን ባልትና መራራ ትምህርት ሰጥቷል፤ እህል ሲኖር አቆይ፤ የሚቆየውን አብዛ፤ የተረፈውን አትድፋ።

ትምህርቱ ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት አዋጅ ሲታወጅ ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ወጣ። መንግሥት የሚያድለው የፋብሪካ ቀለብ አልነበረም። በስልቻና በአቁማዳ የተሞላው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነበር። በሶ ማለት ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ የተፈጨ ዱቄት ነው። እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በቅቤና በጨው ታሽቶ ይጨበጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በተደረገው የወራት ጉዞ ላይ ወታደሩን ያቆመው ይህ ነው። ስንቅ ተሸካሚዋ፣ ፈጪዋና ጋጋሪዋ ሴት አብራ ዘመተች። የካቲት 23 ቀን ጦርነቱ በተከፈተበት ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

አውሮፓም ይህንኑ ጥያቄ በጦርነት ውስጥ ጠይቃ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራዊቱ ምግብ ማቆያ ዘዴ ላገኘ ሽልማት ሲሰጥ፣ ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በማፍላት ማቆየትን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1810 12 ሺህ ፍራንክ ተቀበለ። የጣሳ ምግብ ዘመን ከዚያ ጀመረ። ሁለቱም መንገዶች ለሠራዊት ስንቅ ሆኑ። አንዱ ፋብሪካ ወለደ፤ ሌላው በእናት እጅ ቀረ።

ከ1928 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ፓስታ፣ ሳልሳና ባልትና ቤት

እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለት ነገሮች በሁለት የዓለም ጫፍ ተከሰቱ። በጃፓን ኪኩናኤ ኢኬዳ ከባሕር አረም ሾርባ ውስጥ የሥጋ የሚመስለውን ጣዕም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለየ፤ በስዊዘርላንድ ደግሞ የማጊ ኩባንያ የሾርባ ኩቡን ለገበያ አቀረበ። ለዓመታት እኛ ቤት አልደረሱም። ሲደርሱ ግን የማቁላላት ሥራን በአንዲት ትንሽ ኩብ ሊተኩ መጡ።

ከእነሱ ቀድሞ የመጣው ሳልሳ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ፓስታ፣ መኮሮኒና የጣሳ ቲማቲም በከተሞች ተስፋፉ፤ ወራሪው ሲባረር ምግቡ ቀረ። እናቶች ግን እንዳለ አልተቀበሉትም። ሳልሳውን በርበሬ ጨምረው አቁላሉት፤ መኮሮኒውን በቀይ ሽንኩርት ወጥ አለበሱት።

ከነጻነት በኋላ ከተማ ሲያድግ የባልትና ሥራ ከቤት መውጣት ጀመረ። ወፍጮ ቤት ሴቲቱን ከወፍጮ ድንጋይ ገላገላት፤ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ድርጅት አማካይነት ፋፋ ተወለደ። ፋፋ በአገር እህልና ጥራጥሬ ላይ የተመሠረተ የልጆች ምግብ ነው፤ እንደ እናት ገንፎ ተገንፍቶ ይበላል። ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋብሪካ ሁሉ የቤት ምግብ ጠላት አይደለም፤ ከቤት ዕውቀት ጋር ሲነጋገር አጋዥ ይሆናል።

ችግር የመጣው ገዢውና ሠሪው እየተራራቁ ሲሄዱ ነው። ጎረቤቴ የሸጠችኝን በርበሬ ሳልቀምስ አልገዛም፤ ብታታልለኝ ነገ ቡና ላይ እንገናኛለን። ከማላውቀው ሰው በላስቲክ የታሸገ ስገዛ ግን ያ መተማመን በማኅተምና በተቆጣጣሪ መተካት አለበት። “ባልትና” የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ሰፋ። በፊት የሴት እጅ ሙያ ነበር፤ አሁን የሱቅ ታፔላ ላይ ወጣ።

ከ1966 እስከ 2005 ዓ.ም.፦ ስንቁ ቀይ ባሕርን ሲሻገር

በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሳዑዲ ዓረቢያ በአዲስ ገንዘብ ከተሞቿን ትገነባ ጀመር። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ አብዮት ፈነዳ። አንዱ አገር ሠራተኛ ፈለገ፤ ሌላው ልጆቹን አሰደደ። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ቁጥር አደገ። ከወሎና ከራያ፣ ከጅማና ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከትግራይ፣ አንዳንዶቹ በኤጀንሲ፣ ሌሎች በጅቡቲና በየመን በኩል ሕይወታቸውን አስይዘው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ሳዑዲ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ የቤት ሠራተኛ መቀበል ስታቆም ክፍተቱን ለመሙላት የሄዱት ኢትዮጵያውያን በብዙ አሥር ሺዎች ጨመሩ።

እነዚህ እህቶች ባልትናን ወደ ሌላ ሰው ወጥ ቤት ይዘው ገቡ። በማዳም፣ ማለትም በአሠሪዋ ሴት፣ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ከብሳ የተባለውን የሩዝ ምግብ ይሠራሉ፤ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ፤ ሾርባውን በማጊ ያጣፍጣሉ፤ ማዳም እንዲህ ነው የለመደችው። ብዙ ጊዜ የሚበሉት የቀረውን ነው። ለራሳቸው የሚሆን ስንቅ ሻንጣቸው ውስጥ ያለችው የሽሮ ከረጢት ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ እንዳያልቅ በማንኪያ ትለካለች።

በሰፈር ተከራይተው የሚኖሩት ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማቸው። በ1998 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር የጤፍ ወደ ውጭ መላክን አገደ። ጤፍ በባሕር ማዶ ውድ ሆነ። በሪያድ ጋጋሪዋ ሴት ጥቂቱን ጤፍ ከሩዝ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከስንዴ ዱቄት ጋር ታቀላቅል ጀመር። ቅልቅሉ ነውር አይደለም፤ አገር ቤትም ገብስና ማሽላ ይቀላቀላል። የተለወጠው ጊዜው ነው። ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ቤኪንግ ፓውደር የእርሾን ቦታ ያዘ። እንጀራው በሰዓታት ውስጥ ዓይን አወጣ፤ ኮምጣጣነቱን ግን አጣ፤ ከዚያ ጋር ያ ኮምጣጣነት የሚሰጠው ጥበቃም ሄደ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ በክፍል ሙቀት ሦስት ቀን ብቻ የሚቆይ እንጀራ እንደ ሶዲየም ቤንዞኤት ባሉ ማቆያዎች እስከ 12 ቀን መቆየት መቻሉ ታይቷል። ለላኪው ጠቃሚ ግኝት ነው፤ ለቤት ግን ጥያቄ ያነሣል። እናቶቻችን የእንጀራን ሦስት ቀን እንደ ጉድለት አላዩትም። ለቀረው ድርቆሽ አዘጋጅተውለት ነበር።

2006 ዓ.ም.፦ የተተወው ምጣድ

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ማብቂያ ሳዑዲ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ለማስወጣት ዘመቻ ጀመረች። ከፍተኛው ግጭት በመንፉሃ ተከሰተ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች በየመንገዱ ተሰብስበው ወደ ማቆያ ተወሰዱ። በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ የያዙት የለበሱትን ልብስ ብቻ ነበር።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወጥ ቤቱ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ተቆልፈው በቀሩት ክፍሎች ውስጥ ሊጥ ቦክቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። በጣራ ላይ የተሰጣ በርበሬ የሰበሰበው አልነበረም። ይህን መናገር ከሰው ስቃይ ላይ ምግብ ማስቀደም እንዳይመስል፤ አንድ ቤት ቤት መሆኑ የሚታወቀው በእሳቱና በቡኮው ነው። ሰው ከአገር ሲባረር መጀመሪያ የሚቋረጠው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ በአገር ቤትም ሰው በገበያው ላይ ያለው እምነት ቀነሰ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ከጤፍ ጋር ጀሶና ሰጋቱራ ይቀላቀላል፣ በበርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ ይገባል የሚሉ ዜናዎች በአዲስ አበባ ሰውን አስደነገጡ። ጤፍ ውድ ሲሆን፣ ሠሪና በላ ሲራራቁ የሚመጣ ውጤት ነው። ሕዝቡ ግን መልስ ሰጠ፤ ብዙ ቤተሰብ “በቤት የተዘጋጀ” የሚለውን እንደገና ፈለገ፤ በርበሬውን አስለቅሞ በራሱ ፊት ማስፈጨት ጀመረ። በዚያው ጊዜ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ የሄግ ፍርድ ቤት አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የያዘውን የባለቤትነት መብት ውድቅ አደረገ። አዘገጃጀቱ እንደ አዲስ ፈጠራ የሚቆጠር አይደለም ተባለ።

ከ2010 ዓ.ም. እስከ ዛሬ፦ ጉበይራ፣ ዓርብ ቀን

በዓለምም በሌላ አቅጣጫ ወደ ቤት ምግብ ዞር ብለው የሚያዩ አሉ። ብራዚላዊው ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴሮ ምግብን ባለው ንጥረ ነገር ብቻ ሳይሆን በተሠራበት ደረጃ መክፈል አለብን ብሎ ተከራከረ፤ በቤት የማይገኙ ማጣፈጫዎችና ማቆያዎች የበዙባቸውን ምግቦች በአንድ ምድብ አስቀመጠ። ሳዑዲ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልብን የሚጎዳውን በፋብሪካ የረጋ ዘይት ከምግብ አገደች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ካሳኩ የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ አድርጎ አወቃት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጀሪሽን ብሔራዊ ምግቧ አደረገች። ጀሪሽ የተሰነጠቀ ስንዴ በቀስታ የሚበስልበት የነጅድ ምግብ ነው፤ ለእኛ ሰው ቢቀርብ ቅንጬ ብሎ ይጠራዋል።

አሁን ወደ ጉበይራ እንመለስ። ከሰኔ 2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሳዑዲ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ቀን ነፃ የሆነች እህት በጠዋት ትነሣለች። ቡኮው ረቡዕ ማታ ነው የተቦካው። አገር ቤት ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በሪያድ በጋ በአንድ ቀን ተኩል ሊደርስ ይችላል፤ ሙቀቱ እርሾውን ያፋጥነዋል። ስለዚህ እርሾውን ታሳንሳለች፤ ዕቃውን ኤሲ ባለበት ክፍል ታኖረዋለች፤ ክዳኑን ገልጣ ታሸታለች። ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ቀስ ብላ ታፈስሳለች፤ ከእሱም ለሚመጣው ሳምንት እርሾ ታስቀራለች። አብሲቱን ትጥላለች። ሊጡ ሲነሣ ምጣዱን በማሰሻ ትወለውላለች፤ ከዳር ጀምራ ክብ እያደረገች ሊጡን ታፈስሳለች፤ አክንባሎውን ትደፋለች። በደቂቃ ውስጥ እንፋሎቱ ከዳር ይወጣል፤ በሰፌድ ታወጣዋለች።

በጎን ምድጃ ላይ ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል። ውሃው እየነጠፈ፣ ጣፋጭነቱ እየወጣ ሄዶ ወርቃማ ሲሆን ዘይት ይገባበታል፤ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ሽሮው። ማጊው መደርደሪያ ላይ አለ፤ አትነካውም። ለወጡ የሚበቃውን ጣዕም ያ ሽንኩርት ራሱ ሰጥቶታል። ሽሮው ውስጥ ያሉትን ነገሮች ሁሉ በጣቶቿ መቁጠር ትችላለች፤ የለቀመው፣ የቆላውና ያስፈጨው ማን እንደሆነም ታውቃለች። በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ምንም ምግብ ይህን ሊነግራት አይችልም።

የተረፈውን እንጀራ ትቆራርሳለች፤ በአዲስ አበባ ለመድረቅ ቀናት የሚፈልገውን የሪያድ ደረቅ አየር ከማለዳ እስከ ማታ ያደርቀዋል። ድርቆሹን ከረጢት ውስጥ ታደርገዋለች። ለማን ነው? እሁድ ወደ ማዳም ቤት ለምትመለሰው ለሌላዋ እህት። ማዳሟ ቤት ምጣድ የለም፤ ቡኮ የሚቀመጥበት ቦታም የለም። ድርቆሹ በሙቅ ወጥ ይፈረፈራል፤ ፍርፍር ይሆናል። የዓድዋው ዘማች በስልቻ የያዘውን ስንቅ እሷ በቦርሳዋ ትይዘዋለች።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ያለ መጨመሪያ የሚሠራው ምግብ ርካሽ ነው የሚባለው የሴቲቱን ጊዜ ሳንቆጥር ነው። በማዳም ቤት ዕረፍት የሌላት፣ ዓርቧ የተወሰደባት እህት ማጊና የታሸገ ኑድል ብትመርጥ አይፈረድባትም። ስለ ጤናማ የቤት ምግብ በቅንነት የምንጨነቅ ከሆነ መጀመሪያ የዕረፍት ቀኗን ልንጠይቅላት ይገባል። ባልትና ሲጠፋ ዕውቀቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ዕውቀቱ የሚሠራበት ሰዓትም ተወስዶ ነው።

ጉበይራ ውስጥ ግን እርሾው እስካሁን አልተቋረጠም። አንዷ የመኖሪያ ፈቃዷ (ኢቃማዋ) አልቆ ወይም ገንዘቧን አጠራቅማ ወደ አገር ስትመለስ ከመሄዷ በፊት ሁለት ነገር ትሠራለች። ምጣዷን ለጎረቤቷ ትሰጣለች። ከቡኮዋ ላይ የጠለለውን እርሾ ደግሞ በጠርሙስ ጨምራ፣ ክዳኑን በላስቲክ አጥብቃ ትሰጣታለች። እሷም ይህን እርሾ የተቀበለችው ከእሷ በፊት እዚያው ክፍል ከነበረችው እህት ነው። በሚመጣው ረቡዕ ማታ ጎረቤቷ ዱቄት ትለካለች፤ ጠርሙሱን ትከፍታለች፤ ታሸታለች። ደህና ነው። ትጨምረዋለች።